የለፋፊው ጉሮሮ

የይመር አበጋዝ ጉሮሮ በምን እንደተሰበረ ሁለት ቃል አለ።

የመጀመሪያው ይመር ራሱ በእጁ ጽፎ ለቅሬው ዳኛ የላከው ነው። «ሰኞ ማለዳ መርዶ ተናግሬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ጠል ያረጠበው የድንጋይ ደረጃ አዳለጠኝ። ስወድቅ የጥሩምባዬ አፍ ጉሮሮዬን መታኝ። አደጋው የደረሰብኝ በቅሬው ሥራ ላይ መሆኑ ይታወቅልኝ» ይላል። ጽሑፉ ጥርት ያለ ነው። ከሥሩ ፊርማ አለ፤ ከፊርማው በታች ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው የደረጃዎቹን ቁጥር ጽፏል፦ አሥራ አራት።

ሁለተኛው የባለቤቱ የእማዋይሽ ቃል ነው፤ የጉሮሮ ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ያለው ተቀባይ ማሽን እየጠየቃት የሰጠችው። «አደጋው መቼ ደረሰ?» «ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት።» «የት?» «ግቢያችን ውስጥ።» «በምን?» «በልብስ ማስጫ ሽቦ።» «ተጎጂው ምን እያደረገ ነበር?» «ብስክሌት እየነዳ።» «ብስክሌቱ የማን ነው?» «የኔ።» «ፍጥነቱ?» «ለዕድሜው የማይገባ።»

በዚያ ዘመን፣ በ2084 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ስለ ሰው ጉሮሮ የተጻፈ ነገር ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱ ቃሎች ማክሰኞ ጠዋት ደሴ ውስጥ ዶክተር ኢክራም ጌትነት ፊት ጎን ለጎን ተዘርግተው ተገኙ። ባልና ሚስቱም ከፊቷ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይመር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሐዘን ቤት መግባት የለመደ ሰው አቋም ያለው። መናገር አይችልም። አፉን ሲከፍት ከጉሮሮው የሚወጣው እንደተቀደደ ወናፍ ነፋስ ብቻ ነው።

ቅሬ ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ የቀረውን የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቆምበታል። ይመር የዚህ ማኅበር ለፋፊ ነው። ሥራው ሰው ሲሞት በማለዳ ጥሩምባ እየነፋ፣ በየመንደሩ ጥግ እየቆመ፣ መርዶውን መናገር ነው። አባቱም ይህንኑ ይሠሩ ነበር። በአባቱ ጊዜ ግን ሥራው እየሞተ ነበር፤ ሁሉም በስልኩ ይሰማ ነበርና።

ሥራውን ያዳነው የሐሰት መርዶ ዘመን ነው። በዚያ ሰሞን ስልክህ በወንድምህ ድምፅ እያለቀሰ «እናታችን ሞተች» ይልሃል። ከኮምቦልቻ ራስህን ይዘህ እየጮህህ ስትደርስ እናትህ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች «ምነው፣ በደኅና?» ትልሃለች። ከሞቱት ይልቅ የሚለቀስላቸው ሕያዋን በዙ። በመጨረሻ ቅሬዎቹ ተሰብስበው ወሰኑ፦ ሞት ከሰው ጉሮሮ ካልወጣ ሞት አይደለም። ለፋፊው ከነጉሮሮው ይመዘገባል፤ ከእሱ በቀር ማንም ሰው ማንንም መግደል አይችልም። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን አይቶ በሩንም፣ አውቶቡሱንም፣ ዳቦ ቤቱንም በጉሮሮ ድምፅ የሚታዘዝ አደረገው። ሕዝቡም የራሱን ልማድ አወጣ። ቁም ነገር ሲወራ አድማጩ ሁለት ጣቱን በተናጋሪው አንገት ላይ ያሳርፋል፤ ንዝረቱ ከቃሉ ጋር ካልሄደ ነገሩ ወሬ ነው። ሽማግሌ ሙሽራ ሲጠይቅ አንገቱን ይሰጣል። ልጆች እንኳ «እናቴ ትሙት» ማለት ትተው «ጣትህን አምጣ» ይባባላሉ።

እንግዲህ የይመር ጉሮሮ መሰበር የይመር ብቻ ጉዳይ አልነበረም።

«ትንፋሽ ያጥርዎታል፣ አያ ይመር?» አለች ዶክተር ኢክራም። «ራስዎን አይነቅንቁ። በእጅዎ።»

በእጁ «የለም» አላት።

አንገቱን በጣቶቿ ጫፍ ዳሰሰች። የማንቁርቱ ጉብታ ቦታው ላይ የለም። ከቆዳው ሥር ሾልኮ የገባ አየር እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። ከዚያ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነች ካሜራ በአፍንጫው አስገባችና የጉሮሮውን ውስጥ ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው። እማዋይሽ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጮህብኝ የኖረው ይኼ ነው?» አለች። ይመር በክርኑ ጎሸም አደረጋት።

«የጥሩምባው አፍ ምን ዓይነት ነው?» ስትል ጠየቀችው ዶክተሯ።

ይመር በጣቶቹ ክብ ሠራ።

«ክብ። እሺ። ክብ ነገር ሲመታ ልም አጥንቱን፣ ይኼን የጉሮሮውን ለስላሳ አጥንት፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት አንድ ቦታ ላይ ያደቀዋል። ይኼ ግን…» ጣቷን ግድግዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጎተተች። «ይኼ መስመር ነው። ጫፍ እስከ ጫፍ።» ወደ እማዋይሽ ዞረች። «ሽቦው ቀጭን ነው ወፍራም?»

«ብርድ ልብስ የሚሸከም።»

ይመር ዓይኖቹን ጨፈነ።

«አብሽሩ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አለች ዶክተር ኢክራም። «ግን ክቡን እንደ ክብ፣ መስመሩን እንደ መስመር ነው የምጠግነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጉሮሮ ግን እያደር ያብጣል። ስለዚህ ዛሬውኑ እንነጋገር። ከፊት ያለው ጋሻ መሰል ልም አጥንት አግድም ተሰንጥቆ ግራው ወደ ውስጥ ሰጥሟል። ከኋላ ደግሞ የድምፅ አውታሩን የምትጎትት ትንሽ ልም አጥንት አለች፤ እሷ ከመገጣጠሚያዋ ሸርተት ብላለች። ማጠፊያው የወለቀ በር በሉት። በሩ አለ፤ ግን አይገጥምም። ድምፅ ሊወጣ ሲል ነፋስ የሚያመልጠው በዚያ ነው።»

ትንሿን አጥንት በዚያው ቀን ወደ ቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ትእዛዝ ሰጠች፦ ራስን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ እንፋሎት መታጠን፣ አለመናገር። ማንሾካሾክም ክልክል ነው፤ እንዲያውም ከመናገር ይብሳል።

«ለስንት ቀን ነው ዝም የሚለው?» አለች እማዋይሽ።

«ለሁለት ቀን።»

«ብቻ?»

ሐሙስ ዕለት ዶክተር ኢክራም የሰጠመውን ልም አጥንት የሚያነሣ ጊዜያዊ ድጋፍ ጉሮሮው ውስጥ አኖረች። ከፍታውን የሚወስነው ማሽን ነው። ማሽኑ የይመርን ድምፅ ከመዝገብ አወጣ፤ ሰባት መቶ ሦስት ናሙና አገኘ፤ ከሰባት መቶ ሦስቱ ጋር ድጋፉን እያስተያየ ዝቅ፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ አደረገው። በመጨረሻ «መቶ በመቶ ገጥሟል» አለ። ክሊኒኩ ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አያውቅም።

«ይሞክሩት» አለች ዶክተሯ። «ያሻዎትን ይበሉ።»

«ተባረኪ፣ ዶክተር» አለ ይመር።

ድምፁ ከደረቱ ተነሣ፤ ወፍራም፣ የተጎተተ፤ የእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ እንደ መቃብር አፈር ወደ ታች ይወርዳል። ከመጋረጃው ባሻገር ተራ ይጠብቁ የነበሩ አሥራ አንድ ሰዎች አንድ ላይ ብድግ አሉ። አንዲት ሴት ራሷን ይዛ «ማን ነው? ኧረ ማንን ነው?» እያለች ወጣች። አንድ ሰውዬ የተራ ቁጥሩን እንደያዘ ወደ በሩ ሮጠ።

ዶክተር ኢክራም ማሽኑን አየችው፤ ማሽኑ ጥፋት አልነበረበትም። ሰባት መቶ ሦስቱም ናሙናዎች መርዶ ነበሩ። ማሽኑ ከይመር አፍ ከመርዶ ሌላ ድምፅ ሰምቶ አያውቅም።

«ለጥቂት ቀን ነው» አለች፣ ያን ያህል ሳታምንበት።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰፈሩ እስካሁን ያወራዋል። በሮች ይመርን እንደዚያ ወድደውት አያውቁም፤ ስሙን ሳይጨርስ ይከፈታሉ። ሰው ግን ይዘጋል። ዳቦ ቤት ገብቶ «ሁለት» ቢል፣ ዳቦ ሻጩ ሚዛኑን ለቆ «ሁለት? በአንድ ቀን ሁለት ሰው?» ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ዓርብ ማለዳ በአጥር ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ጎረቤቶቹን «እንዴት አደራችሁ» አላቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢያቸው ውስጥ የቅሬው ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮ ተቀቅሎ መጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። የሞተ ሰው ተፈልጎ ታጣ። ንፍሮው ግን ተበላ።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ይመር ወጡን ቀመሰና «ጨው ትንሽ ያንሰዋል» አለ።

እማዋይሽ ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መለሰችው። እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

«ምነው?» አላት። ይኼኛው ባሰ።

«አትናገር! በእናትህ አትናገር» አለች እያለቀሰች እየሳቀች። «ጨው ነው ያነሰው እንጂ ሰው አልሞተም እኮ! ልቤን ምን ልበለው? ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ድምፅ ሲሰማ መንቀጥቀጥ ለምዷል።»

ሊያስቃት ፈለገ። የበቅሎዋን ቀልድ አመጣ፤ ገበያ አልሄድም ብላ ባለቤቷን ገበያ የላከችውን በቅሎ። እማዋይሽ ይህን ቀልድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምታዋለች፤ ሁልጊዜም እሱ ሳይጨርስ ነው የምትስቀው። ጀመረው፤ ቃል ሳያጎድል እስከ መጨረሻው ወሰደው። ዝም ብላ አዳመጠችው። ሲጨርስ ቀስ ብላ «ነፍሷን ይማር» አለች።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ሁለት ጣቷን አንገቱ ጎን፣ ከቁስሉ ራቅ አድርጋ አሳረፈች። «ይመር፣ እዚህ ውስጥ ነህ?» አለችው። መልስ ሊሰጣት አልደፈረም፤ ድምፁ ያስለቅሳታልና። ራሱን ደግሞ እንዳይነቀንቅ ታዟል። እጇን ይዞ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ወደ ክሊኒኩ ተመለሱ። ዶክተር ኢክራም በተስፋ አልሸነገለቻቸውም።

«ልም አጥንት በተሰበረ በአሥር ቀኑ ይይዛል። ከያዘ በኋላ እንደያዘው ነው የሚቀረው። ስለዚህ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድጋፉን አውጥቼ አጥንቱን የምትይዝ ቋሚ ሰሌዳ እሰካለሁ። ያልተሰበረ ጉሮሮ እንደ ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ ታችኛው ክፍል ለመርዶ፣ ላይኛው ለጨዋታ። የተሰበረውን ግን አንዱን ክፍል ብቻ ነው ማደስ የምችለው። ዝቅ አድርጌ ባስረው የመርዶው ድምፅ እንዳለ ይኖራል፤ መዝገቡም ያውቀዋል፤ ሥራዎም አይነካም። ከፍ አድርጌ ባስረው የቤትዎ ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ መዝገቡ አያውቅዎትም፤ ጥሩምባውም የሌላ ሰው ይሆናል።»

«የቤቱን ነዋ!» አለች እማዋይሽ።

«የቤቱን ሰምቼው አላውቅም፣ እቴ። ያልሰማሁትን ልሠራ አልችልም። የሰርግ፣ የበዓል፣ የምንም ድምፅ የላችሁም?»

አልነበራቸውም። የቅሬው ደንብ ዘጠነኛ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ለፋፊ ከመርዶ በቀር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አይዘፍንም፤ ሲስቅ አይሰማም።» ሕዝቡ ድምፁን ሲሰማ እንዳይጠራጠር የወጣ ደንብ ነው። ይመር ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ቤት ሄዶ ያጨበጨበ እንጂ የዘፈነ ሰው አይደለም። የሚስቀው ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚሰማ ዕቃ እንዳይኖር ራሱ አንድ በአንድ ነቅሎ ጥሏል።

እማዋይሽ «ብስክሌቴ ሰምታዋለች» አለች።

ይመር ራሱን በኃይል ነቀነቀ።

«አንገት!» አለች ዶክተር ኢክራም።

የዚያ ዘመን ብስክሌት አደጋ ሲደርስባት የመጨረሻዋን ጉዞ ከነድምፁ ትይዛለች። ማንም አልከፈተውም እንጂ የሰኞው ጉዞ እዚያው ነበር። ነገር ግን በመዝገብ ያልነበረ ድምፅ ጉሮሮ ላይ እንዲታሰር ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። ጉሮሮውን ያስመዘገበው ማኅበር ናሙናውን ተሰብስቦ መስማት አለበት፤ ባለ ጉሮሮውም በማኅበሩ ፊት ምርጫውን በገዛ ድምፁ መናገር አለበት። ይህ ማለት ቅሬው በሙሉ የብስክሌቷን ወሬ ይሰማል ማለት ነው። ደረጃው፣ ጠሉ፣ አሥራ አራቱ ቁጥር፣ ሁሉም።

ይመር ወረቀት ሳበና ጻፈ፦ «ውሸታም ለፋፊ ማን ያምናል?»

እማዋይሽ አነበበችው። «ታዲያ ማን ዋሽ አለህ?» አለችው። «ሽቦው አልዋሸ፣ ብስክሌቷ አልዋሸች።»

እሁድ ከጸሎትና ከገበያ በኋላ ቅሬው በአዳራሹ ተሰበሰበ። ያን ያህል ሰው ለቀብር እንኳ ወጥቶ አያውቅም። የቅሬው ዳኛ አያ ሙሄ ናቸው፤ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ፣ ነገር ሲመዝኑ ከንፈራቸውን የሚያላውሱ። ዶክተር ኢክራም ለምስክርነት ተጠርታ ከጎናቸው ተቀምጣለች። እማዋይሽ ብስክሌቷን እየገፋች ገብታ ጠረጴዛው አጠገብ አቆመቻት፤ የፊተኛው ጎማ አሁንም ጠማማ ነው።

አያ ሙሄ የይመርን ወረቀት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ሄጄ ቆጠርሁት» አሉ። «አሥራ ሁለት ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ይመር መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር።

«በይ እንስማት» አሉ አያ ሙሄ ወደ ብስክሌቷ እያዩ።

እማዋይሽ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነች። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ፤ ከዚያ የሰንሰለት ድምፅ፤ ከሩቅ የእማዋይሽ ጩኸት፦ «ኧረ ውረድ፣ አንተ ሽማግሌ! ኧረ ሰው ያይሃል!» ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። ቀላል፣ ከፍ ያለ፣ ጫፉ ላይ በሳቅ የሚሰነጠቅ የወንድ ድምፅ፦

«ቁልቁለት አይፈራም ሽቅብ የወደደሽ፣
ፍሬንም አልይዝም እስክደርስ ከደጅሽ!»

«ፍሬን! ይመር፣ ፍሬን ያዝ! ሽቦው!»

ከዚያ «ጓ!» የሚል ድምፅ። ከዚያ በነፃነት የሚሽከረከር ጎማ።

የሳቀ አልነበረም። ሰዎቹ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁሉም ይህን ሰው በየማለዳው ሰምተውታል፤ እናትና አባታቸው የሞቱት በእሱ አፍ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ በውስጡ ይዞ እንደሚዞር ግን ያወቀ አልነበረም። ከኋላ አንድ አሮጊት «ውይ፣ ይኼን ደብቆን ኖሯል» አሉ፤ ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ፤ ጭብጨባ ተከተለው። ይመር ጆሮው ድረስ ቀላ።

አያ ሙሄ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና እጃቸውን አነሡ።

«ውሸቱ ቀላል ነው፤ ቅጣቱ ሦስት ጊዜ ድንኳን መትከል። ዘጠነኛውን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንደሚያፍን ባውቅ ኖሮ ብዕሬን አስቀምጥ ነበር። እሱም ይቅር። ከባዱ ሌላ ነው።» ወደ ይመር ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ያ የማለዳው ድምፅ ያንተ ብቻ አይደለም። ወንድሜን ስልኩ ሦስት ጊዜ ገድሎብኝ ነበር፤ ሦስቱንም አላመንሁም። በአራተኛው አንተ ከደጄ ቆመህ ተናገርህ። ያን ጊዜ ቁጭ አልሁ፤ ያን ጊዜ አለቀስሁ። ያ ድምፅ ከጠፋ፣ ሌላ ሰው እስኪታመን ድረስ አንድ ዓመት እንደ ዕውር ነው የምንሆነው። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለ አናውቅም። ይህን ሳልነግርህ ምረጥ ብልህ ግፍ ነው። ነግሬህ ባስገድድህም እንደዚያው ግፍ ነው። ጉሮሮው ያንተ ነው።»

«ልክ ነው» አለ አንድ ሰው። ሌላው «እኔ እናቴን በማን ልስማ?» አለ።

«አንቺስ፣ እማዋይሽ?» አሉ አያ ሙሄ። «ምን ትያለሽ?»

«እኔ ለዳኝነት አልሆንም» አለች። «ሽቦውን የሰቀልሁት እኔ ነኝ።» ጥቂት ሳቅ ተሰማ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ከሁለቱም ድምፆች ጋር ኖሬአለሁ። አንዱ በማለዳ ይወጣል፤ ሌላው ቤት ይገባል። የሚወጣውን አከብረዋለሁ። ያገባሁት ግን የሚገባውን ነው። ከዚህ በላይ አልልም።»

ይመር ተነሣ። የአባቱን ጥሩምባ ይዞ መጥቶ ነበር፤ መንፋት ስለተከለከለ በትከሻው ላይ ነው ያለው። አባቱን አሰበ። አባቱ ሁሉንም በዚያ በወፍራሙ ድምፅ ነበር የሚያወሩት፤ ውኃ እንኳ ሲጠይቁ። ልጅ ሆኖ «አባባ ሲስቁ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ እናቱን ጠይቆ ነበር። እናቱ «እኔም ረስቼዋለሁ» ነበር ያለችው።

ወደ ጠረጴዛው ሄደ። አያ ሙሄ ሁለት ጣታቸውን አነሡ።

«በቀስታ፣ ከድጋፉ በላይ» አለች ዶክተር ኢክራም።

የሽማግሌው ጣቶች የይመር አንገት ላይ አረፉ። ይመር ትንፋሹን ሲስብ አዳራሹ በሙሉ ከልማድ ብድግ አለ፤ ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ላኩ። የቅሬው ደንብ ለፋፊ የራሱን ቤት መርዶ እንዳይናገር ይከለክላል፤ ይመር ይህን አንቀጽ ጥሶ አያውቅም፤ እናቱ ስትሞት እንኳ የጎረቤት ቅሬ ለፋፊ ነው የተናገረላት። እማዋይሽን አያት። ብስክሌቷን በአንድ እጇ ይዛለች። ጥሩምባውን ከትከሻው አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና፣ በዚያ ሰባት መቶ ሦስት ሰው በቀበረው ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ አዳራሹ እስከ ጣሪያው እስኪነዝር ድረስ ተናገረ፦

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሃያ ስድስት ዓመት መርዶ ሲያረዳችሁ የኖረው የይመር አበጋዝ የማለዳ ድምፅ ዐርፏል! ተተኪው ለፋፊ እስኪታመን ድረስ ይመር ጣቱን በሰውየው አንገት ላይ አሳርፎ፣ ከፊት ከፊቱ ሳይሆን ከጎን ከጎኑ፣ ዓመት ሙሉ አብሮት ይዞራል! ቀብሩ ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በዶክተር ኢክራም ክሊኒክ ነው! ለቅሶ የለም! ባለቤቱ ብስክሌቷን ይዛ ትምጣ!»